ሦስተኛው ዓምድ

በሰፈራችን ዕድር የዕቃ መዝገብ ላይ ድንኳን ለሚያወጣ ሰው የተሰመሩት ዓምዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው «ለለቅሶ» ይላል፣ ሁለተኛው «ለሰርግ»። መዝገቡን ያሰመሩት ቀደምት የዕድሩ ሰዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአዳም ልጅ ከቤቱ ወጥቶ በሸራ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ምክንያት ከሞትና ከጋብቻ የተለየ ሊሆን ይችላል ብለው አላሰቡም፤ እኔም ራሴ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እንደዚያ አስቤ አላውቅምና በእነርሱ ለመፍረድ አፍ የለኝም። ስለዚህም የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ፣ በሥራ ሰዓት ቀልድ የማያውቁ ጡረተኛ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ እስክሪብቷቸውን በሁለቱ ዓምዶች መካከል ይዘው፣ «በየትኛው ልጻፍልህ?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ አንደበቴ ተሳሰረ።

«በሁለቱም አይደለም ጋሼ። ወደ ላንጋኖ ልንሄድ ነው።»

«ላንጋኖ ማን ሞቶባችሁ?»

«ማንም አልሞተም። ሁለት ሌሊት ልናድር ነው።»

«ቤት ሳለህ?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። ጣራው የማያፈስ፣ በሩ በደኅና የሚቆለፍ ቤት ያለው ሰው፣ ሚስቱንና ልጆቹን፣ ይልቁንም አማቱን አስከትሎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በአሸዋ ላይ ለመተኛት ገንዘብ የሚያወጣበትን ምሥጢር በአንድ ቃል ሊያስረዳ የሚችል ቢገኝ እርሱ በእውነት ሊቅ ነው። ዕቃ ጠባቂው ግን ብዙ አላስጨነቁኝም፤ የለቅሶው በነፃ፣ የሰርጉ ግን በኪራይ የሚወጣ ነውና፣ የማኅበሩን ጥቅም አስቀድመው ስሜን «ለሰርግ» በሚለው ሥር አሰፈሩት። ድንኳኑን ከነብረት ምሰሶውና ከአንድ ጆንያ ካስማ ጋር ሲያስረክቡኝም፣ «የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቀዳዳ ይዘህብኝ እንዳትመጣ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

የነገሩ ጠንሳሽ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበረ። ይህ ሰው ገና ላጤ ነው፤ አሜሪካን አገር የሚኖር ወንድሙ፣ ምን አስቦ እንደ ሆነ አይታወቅም፣ ከአንድ የታጠፈ ጋቢ የማትበልጥ፣ ከረጢቷ ሲፈታ በራሷ ዘላ የምትቆም ሰማያዊ ድንኳን ልኮለት ነበረና፣ በቢሮ ወለል ላይ አንድ ጊዜ ካስዘለላት ወዲህ ያለ ሜዳና ያለ ሐይቅ ዕረፍት አጣ። ልጆቼም ይህን ሲሰሙ «ካምፒንግ፣ ካምፒንግ» እያሉ ቤቱን አመሱት። ቃሉ ባዕድ ስለ ሆነብኝ በአማርኛ ምን እንበለው ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። «ሽርሽር» ቢሉት ማደርን አያሳይም። «ሰፈራ» ቢሉት ቃሉስ በትክክል የሚገባው እርሱ ነበረ፤ ዳሩ ግን በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሰፈራ ሲባል ትዝ የሚለው በካሚዮን ተጭኖ መሄድ ስለ ሆነ፣ አማቴ ሰምተው እንዳይደነግጡ ተውሁት።

ነገሩን በጥሞና ስናየው ግን ባዕድ የሆነብን ቃሉ እንጂ ግብሩ አይደለም። ከተማ ማለት በጥንቱ አነጋገር ንጉሥ ከነሠራዊቱ የሚያርፍበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ነበረ፤ ሰፈርም «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ ነውና ፍቹ ከዚህ አይርቅም። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ዙፋናቸውን ካንዱ አገር ወዳንዱ እያዘዋወሩ ኖረዋል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ያን ተጓዥ ከተማ በአንክሮ ተመልክቶ፣ ቦታው ሲለዋወጥ የድንኳኑ ሥርዓት እንደማይለዋወጥ፣ መኳንንቱም ሆኑ ገበያተኛው በየት በኩል እንደሚያርፉ አስቀድመው የሚያውቁ መሆናቸውን ጽፎልናል። አዲስ አበባስ ብትሆን ምንድን ናት? የእንጦጦ ብርድ ያንገሸገሻቸው እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው፣ ድንኳን አስተክለው ሲታጠቡ ሜዳው አማራቸውና በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከትለው በየኮረብታው ሰፈሩ፤ እነሆ እኛ የዚያ ሽርሽር ልጆች ነን። ካስማውን መንቀል ረስተን ቀርተን እንጂ፣ በውል ከታሰበ፣ ገና ከሰፈርንበት አልተነሣንም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በእራት ጊዜ በሰፊው አስረዳኋት። አዳምጣ ስታበቃ «እቴጌ ጣይቱ የሚያጥብላቸው አሽከር ነበራቸው» አለችኝ።

ጉዞው ለዓርብ ተቆረጠ፤ ጾመ ነቢያት ሳይገባ መሆን ስለ ነበረበት ሌላ ቀን አልተገኘም። አበልጄ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ተስማማ፤ እርሱ በወጣትነቱ ወታደር ስለ ነበረ የድንኳን ነገር በእርሱ እጅ እንዲሆን ያለ ክርክር ተወሰነ። አማቴ ግን መጀመሪያ እምቢ አሉ። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸውን ከእኔ ጋር ብቻ ለበረሃ መተው ኅሊናቸው ስላልፈቀደ፣ «እንግዲህ ከሆነስ» ብለው ስንቅ ማሰናዳት ጀመሩ፤ ሲጀምሩም ሁለት ሌሊት እንደምናድር ሳይሆን ወደ ዐድዋ እንደምንዘምት አድርገው ነበረ። በሶው ተፈጭቶ ለብቻው ተቋጠረ፤ ቆሎው ከሱፍ ጋር ተቆላ፤ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ዳቦ ቆሎው፣ የሽሮው ዱቄት፣ ቅቤው በጠርሙስ፣ ሚጥሚጣው በወረቀት፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ረከቦቱ ከነሲኒዎቹ፣ ጀበናው ከነማቶቱ፣ ዕጣኑ ከነማጨሻው፣ ለመጎዝጎዣም አንድ እቅፍ ቄጠማ። «እቴቴ፣ ሣር እኮ እዚያ አለ» ብላቸው፣ «ያገሩን ሣር ማን ያውቀዋል?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ዓርብ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት የተከራየነው ሚኒባስ መጣ። አሁን የሚያነበኝ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በእኛ ሰፈር ጎሕ ሳይቀድ የዕድር ድንኳን ብረት እርስ በርሱ ሲጋጭ የተሰማ እንደ ሆነ ትርጓሜው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛውን ምሰሶ ወደ ጣራው ስናቀብል የጎረቤታችን በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ፤ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ቀጥለው ባለቤቴን አዩ፤ ከዚያም ልጆቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በዓይናቸው ቆጠሩ፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን በተረዱ ጊዜ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «እሜቴ! የደጄ ጥላ! ሳልሰናበትዎ!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኔ የምናገረው ጠፋኝ። በዚህ መካከል አማቴ ጀበናቸውን ታቅፈው በበሩ ብቅ አሉና፣ ለቅሶውን ሰምተው እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ማዘቅዘቅ እያዘነበሉ፣ «ውይ በሞትሁት! ማን ነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤታችን እስኪረጋጉ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ዘገየን። ነገሩ አማቴን ያስቀይማቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበረ፤ ነገር ግን ሰው ሞቶ ብቻ ሊያገኘው የሚችለውን ምስክርነት በቁማቸው ስላገኙ፣ እስከ ሞጆ ድረስ ፊታቸው በፍሥሐ በርቶ ነበረ። «የደጄ ጥላ አለችኝ እኮ» ይላሉ፤ ጥቂት ዝም ይሉና፣ «እኔ እንዲህ ትወደኛለች ብዬ መች አሰብሁ?»

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ የሚወርደው መንገድ የስምጥ ሸለቆ መንገድ ነው፤ ብርዱ ካንገት ላይ እንደ ፎጣ ይወልቃል፣ ግራሩ እየሳሳ እየተንጠለጠለ ይመጣል። አማቴ በመንገድ ዳር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እየተሳለሙ፣ ሾፌሩም መሪውን ባንድ እጁ ይዞ ባንዱ እያማተበ፣ በመቂ ሽንኩርትና ሐብሐብ ገዝተን፣ አሁን ባቱ ከሚባለው ከዝዋይ ደረስን። በዚያ ሐይቅ ደሴት ላይ፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ እንዳረፈች በትውፊት የሚነገር መሆኑን አማቴ ለልጆቹ ተረኩላቸው፤ እንግዲህ ታቦት እንኳ ከመንበሯ ወጥታ በሐይቅ ዳር ካደረች እኛን የሚወቅሰን አይኖርም ብዬ በልቤ ተጽናናሁ። መጽናናቴ ግን አልቆየም፤ የተጠበሰ የቆሮሶ ሽታ ገብቶ ነበረና ዓሣ በዓርብ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ጉባኤ ተነሣ። አበልጄ ዓሣ ሥጋ አይደለም ሲል ከውሃ አስነሥቶ ብዙ ማስረጃ አቀረበ። አማቴ ጸጥ ብለው ሰምተውት፣ «ዓይን ያለው ነገር በዓርብ አልበላም፤ እያየኝ እንዴት አድርጌ?» ሲሉ ጉባኤው ተፈታ። አበልጄ ዓሣውን በላ፣ ግን ጀርባውን ሰጥቶ።

ላንጋኖን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሐይቅ ሲባል ሰማያዊ ነገር ያስባሉ። የላንጋኖ ውሃ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ እጅግ የደቀቀ ደለል በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ሳይዘቅጥ ስለሚኖር ነው እንጂ እድፍ አይደለም። ያገሬው ሰው ይዋኝበታል፣ እኛም በኋላ እስኪበቃን ዋኝተንበታል። አማቴ ግን በዳርቻው ቆመው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ይህ የሚታጠቡበት ነው ወይስ የሚታጠብ?» ብለው ጠየቁ።

ድንኳን ተከላው ተጀመረ። አበልጄ የወታደርነት ዘመኑ ተመልሶለት፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «አንሣ! ያዝ! ወጥር!» እያለ እኔን፣ ሾፌሩንና አራቱን ታላላቅ ልጆች አስተባበረ፤ በሩንም ሐይቁ ፊት ለፊት እንዲታይ ወደ ውሃው አዞረው። በዚህ ጊዜ ከብት የሚያስጠብቁ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው መጥተው ትንሽ ተመልክተውን፣ አበልጄ ኦሮምኛ ስለሚያውቅ ከእርሱ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡና፣ በሩን ወደ ግራሮቹ ብናደርገው፣ ካስማውም አሸዋ ላይ ነውና ድንጋይ ቢጫንበት እንደሚሻል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚመጣ ነገሩት። አበልጄ በትሕትና አመስግኖ ካስረዳቸው ነገር ውስጥ የተረጎመልን አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም በኦጋዴን ሜዳ ነፋስ እንዴት እንደሚመስል ነበረ። ባልደረባዬ ደግሞ በበኩሉ የከረጢቱን ማሰሪያ ፈትቶ ወደ ኋላ ቢል፣ ሰማያዊዋ ድንኳን «ፏ!» ብላ ቆመች፤ ልጆች አጨበጨቡ፤ እርሱም የእኛን የላብ ሥራ በዓይኑ ዳር እያየ፣ ጫማውን አውልቆ በደጃፏ አኖረና ፍራሹን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

ነፋሱ በዐሥር ሰዓት መጣ። መጀመሪያ የዕድሩ ድንኳን በአፉ ሙሉ ነፋስ ጎርሶ፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቶ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ካስማዎቹ ከአሸዋው እንደ ሽንኩርት አንድ ባንድ እየተመዘዙ፣ አውታሮቹ በአየር ላይ እያፏጩ፣ ሸራው ተገልብጦ ከጀርባችን በነበረው ግራር ላይ ተንጠለጠለ። ሰማያዊዋ ግን መውደቅን የምታውቅ አይደለችም፤ ስትፈጠር ኳስ መሆን አምሯት ነበርና እየነጠረች፣ የባልደረባዬን ሻንጣ በሆዷ ይዛ፣ በአሸዋው ዳር ወደ ደቡብ ኰበለለች። ባልደረባዬ በባዶ እግሩ ተከተላት፤ ልጆቹ እርሱን ተከተሉ፤ ልጆቹን ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ተከተለ። ከሩቅ ያስመለሷት ሁለት እረኞች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅርብ ያየሁት ስለ ሆነ ሳልናገረው አላልፍም። እኒያ አዛውንት ተመልሰው መጡ። «ነግሬአችሁ ነበር» አላሉም። አበልጄንም ቀና ብለው አላዩትም፤ ምናልባት እንዳያፍር ብለው ይሆናል። እረኞቹን በአንድ ቃል አዘዟቸውና እነርሱ ድንጋይ እየተሸከሙ አመጡ፤ አዛውንቱ ራሳቸው አንድ ካስማ አንሥተው፣ ቀጥ አድርገው ሳይሆን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድመው፣ ራሱ ከአሸዋው ጥቂት ብቻ ብቅ እስኪል ድረስ በጠፍጣፋ ድንጋይ መቱት፤ ገመዱን ዝቅ አድርገው አሰሩና በላዩ ሁለት ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያም ገመዱን እንደ በገና አውታር በጣታቸው ነካ አድርገው ድምፁን አዳመጡና ወደ ሁለተኛው አለፉ። አበልጄ የቀሩትን ካስማዎች ከእሳቸው ጎን ተንበርክኮ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ እያያቸው መታ። በሩም ወደ ግራሮቹ ዞረ።

ሸራውን ግን እሾህ ስንዝር የሚያህል ቀዶት ነበረ። የዕቃ ጠባቂው መነጽር በዓይነ ኅሊናዬ መጥቶ ድቅን ሲልብኝ፣ አማቴ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው መርፌ አወጡ። የነበራቸው ክር ቀይ ብቻ ነበረ። በዱካ ተቀምጠው፣ ክሩን በከንፈራቸው አርጥበው በመጀመሪያው ሙከራ አሾለኩትና፣ የተቀደደውን በማይላላና በማይጨማደድ ጥልፍ እያያዙ፣ በየመካከሉም «የሰው ገንዘብ» እያሉ ለብቻቸው ያጉረመርሙ ነበረ።

ቡናው ሲፈላ አዛውንቱ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሳያጓድሉ ጠጡ። አማቴና እሳቸው አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ እምብዛም አያውቁም፤ ሆኖም ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ዝናብ ማነስና ስለ ዘመኑ ልጆች እስኪመሽ ድረስ ሲጨዋወቱ ማንም አላስተረጎመላቸውም። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ በግራሩ ሥር ሲጤስ ላየው ሰው፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ እንግዳ የሚጠብቅበትን ሥዕል ይመስል ነበረ፤ ልዩነቱ በእኛ ዘንድ እንግዶቹ እኛው መሆናችን ነው።

ሌሊቱ ሌላ ነበረ። እሳቱ ዙሪያ ልጆች ተረት አምጡ፣ እንቆቅልሽ አምጡ እያሉ፣ በስልክ የሚያዩት ነገር መኖሩን ረስተው (መብራትም አልነበረምና ስልኮቹ ገና ሳይመሽ ሞተው ነበር) እስከ አራት ሰዓት ቆዩ። በአዲስ አበባ ሰማይ ማለት በቤትና በቤት መካከል የሚታይ ቁራጭ ነው፤ እዚያ ግን ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣ ከዋክብቱ ከመብዛታቸው የተነሣ አንዱን ከአንዱ መለየት ሰነፍ ዓይን አይችልም ነበረ። የሰባት ዓመት ልጄ ብዙ ቆይቶ ቀና እንዳለ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሁልጊዜ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበሩ አልሁት። «ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» አለ፤ ምን እመልስለታለሁ።

ከዚያ ገብተን ተኛን። ይህ «ተኛን» የሚለው ቃል እንደ አገባቡ ነው እንጂ በጥሬ ትርጉሙ የሚወሰድ አይደለም። ዐሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ሸራ ሥር ነበርን፤ ባልደረባዬ ብቻ በሰማያዊዋ ውስጥ፣ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ተጭኖባት፣ ለብቻው ተኝቷል። ወንዶች በወዲህ፣ ሴቶችና ልጆች በወዲያ ሆነው በመካከላችን አንድ አንሶላ ተጋርዷል። ነፋሱ ጋብ ሲል ሁሉም ነገር ይሰማል፤ የሾፌሩ ጥርስ ማፋጨት፣ የአበልጄ ሚስት ባሏን በሹክሹክታ «ያገር ሰው ሲነግርህ ስማ» ማለቷ፣ የእርሱም ረጅም ዝምታ፣ ከሩቅም እንደ ሽማግሌ ሳቅ ያለ አንድ ድምፅ፤ አበልጄ «ጉማሬ ነው፣ ወዲህ አይመጣም» አለ፤ ስለ ነፋሱም እንዲሁ ብሎን እንደ ነበር ያላስታወሰ አልነበረም።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ሁሉም ጸጥ አለ፤ ከአንሶላው ማዶ የአማቴ ጸሎት ብቻ ቀረ። በቤታችን በየሌሊቱ እንደሚጸልዩ አውቃለሁ፤ ግን በመካከላችን ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ በር አለና ቃሉን ሰምቼ አላውቅም። አሁን የለየን አንድ ጨርቅ ነው። ውዳሴ ማርያሙን አደረሱ፤ ቀጥለው የሞቱትን በየስማቸው ጠሩ፤ ከዚያ ልጆቻቸውን፣ ከዚያ የልጅ ልጆቻቸውን፤ ያን ቀን ጠዋት በቁማቸው ያለቀሱላቸውን ጎረቤት፣ ካስማ የመቱልንን አዛውንት ሳይቀር አስታወሱ። በመጨረሻ አንድ የክርስትና ስም ጠሩ፤ የእኔ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ በዚያ ስም የሚጠራኝ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነውና።

ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር፣ እኒህ ሴት ልጃቸውን ለማይገባው ሰው እንደ ሰጡ የሚያስቡ ይመስለኝ ነበረ፤ የተናገሩኝ ነገር ኖሮ ሳይሆን ከዝምታቸው ነው። እርሳቸው ግን በዚያ ሌሊት፣ ለጌታቸው በዝርዝር እንደሚያስረዳ ጠበቃ ቆመው፣ ቁጣዬ የአፍ እንጂ የልብ እንዳይደለ ተናገሩልኝ፤ ዘንድሮ ያለፈኝን የእድገት ነገር፣ ለማንም ያልነገርሁትን፣ አነሡ፤ «ከክረምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ ሚስቱ እንዳትሰማ ጓዳ ገብቶ ነው የሚያስል፤ አንተ ግን ታየዋለህ፤ ከዚህ ሕማም አንሣልኝ» አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ «ልቡናም ስጠው፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳያመጣኝ» ብለው ጨመሩ።

ይህን ስሰማ፣ ሰይጣን አያስችለውምና፣ ያ ሳል መጣብኝ። ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደረቴ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ አቡነ ዘበሰማያቱ እስኪያልቅ ድረስ ያሳለፍሁትን መከራ የሚያውቅ አንድ አምላክ ብቻ ነው። «አሜን» ሲሉ ወጥቼ፣ ከግራሩ ሥር ቆሜ፣ እስኪወጣልኝ ሳልሁ። ከዚያም ወዲያው ልመለስ አልወደድሁምና እሳቱ አመድ እስኪሆን ድረስ ከዚያው ተቀመጥሁ። ጴጥሮስ በደብረ ታቦር ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ ጌታውን የለመነው ለምን እንደ ሆነ፣ ቡሄ በመጣ ቁጥር ሲተረጎም የሰማሁት ነው፤ የገባኝ ግን በዚያች ሌሊት ይመስለኛል።

ቅዳሜን በመዋኘትና በመብላት አሳለፍነው፤ የተለየ ነገር የለውም፤ አማቴ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በውሃው ነክረው እንደ ጠበል ሦስት ጊዜ ፊታቸውን ከማማተባቸው በቀር። እሑድ ድንኳኑን ስንነቅል የዕድሩ በአንድ ሰዓት ተጠቀለለ። ሰማያዊዋ ግን ወደ ከረጢቷ አልመለስም አለች። በከረጢቱ ላይ የተሰፋው ሥዕል አንድ ፈገግ ያለ ፈረንጅ በሦስት እንቅስቃሴ ሲያጥፋት ያሳያል፤ እኛ አራት ወንዶች ሆነን ባንድ በኩል ስንጫናት ባንድ በኩል እየዘለለች አንድ ጊዜ የሾፌሩን አገጭ መታችው። በመጨረሻ እንደ ቆመች በጣራ ላይ አስረናት ተጓዝን፤ በሞጆ ያስቆመን ትራፊክ ምንነቷን ጠይቆ፣ ቤት ናት ስንለው ፈቃድ እንዳላት ጠየቀ።

ዕቃ ጠባቂው ድንኳኑን በመጋዘኑ ደጅ አስዘርግተው፣ አሸዋውን አስራግፈው፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። ጣታቸው ቀዩ ጥልፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የአማቴ እጅ ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን ገፍተው ጥልፉን በጥፍራቸው ነካኩት፤ ጎትተው አዩት፤ አልተላላም። «ደኅና እጅ ነው» አሉና የቅጣቱን ነገር ሳያነሡ ቀሩ። ከዚያም መዝገቡን ገልጠው፣ ከ«ለሰርግ» ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ማስመሪያ አጋድመው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመሩ። በራሱ ላይ ግን ምንም አልጻፉበትም፤ ምን ብለው እንደሚጽፉ እኔን ሲያዩ እኔም እሳቸውን አየኋቸው።

በታኅሣሥ ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ዐረፉና ድንኳኑ ለሥራው ተጠራ። እኔም ከአማቴ አጠገብ በአግዳሚው ላይ ተቀምጬ ንፍሮዬን እየቆረጠምሁ፣ ሸራው ገና የግራር ጭስ እንደሚሸት ልብ አልሁ። ቀና ስል ቀዩ ጥልፍ ልክ ከራሳችን በላይ ነው። አማቴም ለካ እርሱን ያያሉ። ከመገጣጠሚያው ላይ ጥቂት አሸዋ ወርዶ በጭናቸው ላይ ባረፈ ጊዜ፣ ሳቅ መሆኑን ሰው እንዳያይባቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና፣ ወደ እኔ ጥቂት ዘንበል ብለው፣

«ሳልህ ተወህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።